ጎሊናን የተሻገረችው ካርድ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር ሽንኩርት ልገዛ ወደ ገበያ ስወርድ የቁራሌው ጋሪ እየተንገጫገጨ መጣ። «ቁራሌው! አሮጌ ብረት! የተሰበረ ባልዲ!» እያለ ይጣራል። ቁራሌው ሲያልፍ ቆሞ ማየት ልማዴ አይደለም። የዚያን ቀን ግን ከተጨማደደ ቆርቆሮና ከተቀደደ ጄሪካን መሃል፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ የተጋደመ ባለ ትልቅ ሆድ ሞኒተር አየሁና እግሬ አልሄድም አለኝ። ፕላስቲኩ እንደ ከረመ ቅል ቢጫ ሆኗል። ቀረብ ስል ፀሐይ ያሞቀው የፕላስቲክና የአሮጌ አቧራ ሽታ ሽው አለኝ። ያንን ሽታ የትም ቢሆን ለይቼ አውቀዋለሁ። ማብሪያውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ቀይ ነጥብ አለው። ተማሪዎቼ ከሌላው ቁልፍ ጋር እንዳያምታቱት ብዬ እኔው በጥፍር ቀለሜ ያደረግኋት ነጥብ ናት።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከጋሽ እንድሪስ ቤት ነው እማማ። ባለቤቱ ናት ያወጣችው። ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው መሰል፣ ዕቃ እያጸዱ ነው። ሌላም አለ፣ ልመለስላቸው ነው።»

«አውርደው።»

«አይሠራም እኮ! እኔ ለውስጡ መዳብ ብዬ ነው።»

«መሥራት አለመሥራቱን ለኔ ተወው። ሌላውንም እንዳትነካ። ጓሮዬ ውስጥ እግሩ የተሰበረ የብረት አልጋ አለ፣ በልዋጩ እሱን ውሰድ።»

አልጋው ከሞኒተሩ ይከብዳል። ሰውየው ሳይከራከር ጋሪውን ወደ ቤቴ መለሰ። ሽንኩርቱም ለሌላ ቀን ቀረ።

ስሜ ዓለምነሽ ነው፤ ቆቦ ግን እታለም ይለኛል። በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። እንድሪስ ደግሞ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ለቅቄ ከሱ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየንና የትየባና የኮምፒውተር ማስተማሪያ ቤት ከፈትን። ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተርን ለማንም መንገደኛ ክፍት ያደረግነው እኛ ነን። ጉራ የሚመስለው ካለ ያኔ የነበሩትን ይጠይቅ። የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነበር። እኔ የጣት ሰው ነበርኩ፤ ቁልፍ ሳላይ እተይባለሁ፣ አስተምራለሁ። እሱ የሆድ ዕቃው ሰው ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያያል፣ ያሸታል፣ በጆሮውም ያዳምጣል። እኔ ክዳን አልከፍትም፣ እሱም ደብዳቤ አይተይብም።

ክፍላችን በስተግራ ወፍጮ ቤት፣ በስተቀኝ ካሴት ቤት ነበራት። ወፍጮው ሲነሳ የመብራቱ ጉልበት ስለሚወርድ በሞኒተሩ ላይ ያለው ሥዕል ከአራቱም ማዕዘን ወደ መሃል ይሸሽ ነበር፤ ወፍጮው ሲያርፍ ተመልሶ ይሰፋል። አዲስ ተማሪ ሲደነግጥ «አይዞህ፣ የሰው ማሽላ እየተፈጨ ነው፤ ሲያልቅ ይመለስልሃል» እለው ነበር። ካሴት ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ባቲና አምባሰል ያንቆረቁራል፣ የገበያ ቀን ሲሆን ገበሬው ጎራ እንዲል የራያውን ጭፈራ ጉማዬን ይለቃል። ያኔ የተማሪዎቼ ጣት ቁልፉ ላይ፣ እግራቸው ሌላ ቦታ ይሆንብኛል። ልጃገረዶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የጅንስ ቀሚስ ይለብሳሉ። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ሱሪ ውስጥ ከትተው ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ፣ አንዱ ባይጽፍም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፣ አምባሻ በስሙኒ ይገኛል፣ እኛ አንድ ገጽ የምንተይበው በሁለት ብር ነው። የሠርግ ጥሪ፣ የለቅሶ ምስጋና፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ሁሉም በኛ እጅ ያልፋል። ሙቀቱስ! የቆቦን ሙቀት የማያውቅ ሰው ማሽን ከሰው ቀድሞ እንደሚታመም አያውቅም። እንድሪስ ክዳኗን ከፍቶ ማራገቢያ ይደግንባታል። እኔ እርጥብ ጆንያ መስኮቱ ላይ እሰቅላለሁ። ቀትር ላይ እሷም እኛም እናርፋለን።

የመጀመሪያዋ ማሽናችን በዶስ የምትሠራ ነበረች። ማውዝ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ። ትእዛዙን አንድ ፊደል ከሳትክ አላውቅህም ትልሃለች፤ ካልሳትክ ደግሞ ሳታንገራግር ትፈጽማለች። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው እወዳለሁና ማሽኗንም ወደድኳት። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸውን በጣት ዳሰስ አድርገው ሁሉን ነገር ሲያገኙ አይቼ እደነቃለሁ፣ አልቀናም። የኛን ዘመን ማሽን ያዘዝነው በቃላችን ሸምድደን ነው፤ የሸመደዱት ደግሞ አይጠፋም።

ሐሜት አልጠፋም፤ የትም አይጠፋም። ክርስቲያን ሴትና ሙስሊም ወንድ፣ ያውም ሚስት ያለው፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ክፍል! አንድ የገበያ ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ የእንድሪስ ሚስት ዘይነባ ሽሮ በሰፊ ሰሃን ይዛ ገባች። ሥጋችን ለየቅል ነው፣ ሽሮ ግን የሁላችንም ነው። በሩ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት ቦታ በርጩማ አስቀምጣ በመካከላችን ተቀመጠችና ሦስታችንም በላን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሰችው እኔን ነው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሥራ አስርቧችሁ ይሆናል ብዬ ነው። ከነገ ጀምሮ ምሳችሁን የማመጣው እኔ ነኝ» አለች። ሐሜቱ በዚያው ቀን ሞተ። እኔና ዘይነባ እህትማማች የሆንነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለተኛዋን ማሽን ሥራውን ጨርሶ ከሄደ አንድ ፕሮጀክት በጨረታ ገዛናት። ባለ ቀለም ሞኒተር አላት ተብሎ ተማሪው ሁሉ ተሰብስቦ ቆመ። እንድሪስ አበራት። አንድ ረጅም ጩኸት፣ ሁለት አጫጭር ጩኸት፣ ከዚያ ጨለማ። እንደገና አበራት፣ ያው ጩኸት። ክዳኗን ከፍቶ ብዙ ሲያያት ቆየና፣ «እሷስ ጤነኛ ናት። የጠፋው ዓይኗ ነው» አለኝ። ሥዕሉን ወደ ሞኒተሩ የምታወጣው ካርድ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሏት፣ ተቃጥላ ነበር። ደሴ አስፈለግን፣ አልተገኘችም። እንድሪስ አዲስ አበባ ወረደ።

ሲመለስ ክረምቱ መሃል ነበር። ያን ዓመት በቆላው ደህና ዝናብ አልጣለም፤ ማሽላው ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። ደጋው ግን ዘንቦበት ጎርፉን ወደኛ ይሰዳል። አውቶቡሱ ሮቢትን አልፎ ጎሊና ወንዝ ሲደርስ ጎርፉ መንገዱን ቆርሶት ተገኘ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ውኃው እስኪጎድል ሊጠብቅ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። እንድሪስ ግን ካርዷን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሽርጡ አናቱ ላይ እንደ ጥምጣም አሰራትና፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከሚሻገሩት የአገሩ ጎልማሶች መሃል ገባ። አብሮት የተሻገረ አንድ የጎብዬ ሰው ኋላ እንዳጫወተኝ፣ መሃል ላይ ውኃው ደረታቸው ሲደርስ፣ «ወንድሜ፣ አናትህ ላይ የታሰረው ወርቅ ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ዓይን ነው» አለው እንድሪስ።

ከወዲያ ማዶ በጭነት መኪና ተሳፍሮ፣ ከወገቡ በታች ጭቃ ለብሶ፣ በቀጥታ ወደ ሱቃችን መጣ። ዘይነባ ምሳ ይዛ እዚያው ነበረች። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ቤትህ በዚያ በኩል ነው» አለችው።

«መጣሁ መጣሁ» እያለ ቁጭ አለ። ካርዷን ፈታ፣ ቦታዋ ላይ ጫናት፣ አበራ። ጩኸት የለም። ሞኒተሩ ቀስ ብሎ ሞቀ፣ ከዚያም ሰማይ ሆነ። የዚያን ጊዜው ዊንዶውስ ሲነሳ ሰማያዊ ሰማይና ነጭ ደመና ነበር የሚያሳየው። ሰው ከመንገዱ ወደ ውስጥ ተግተለተለ። የካሴት ቤቱ ሰውዬ ዘፈኑን አቁሞ መጣ፣ ወፍጮው ቆመ፣ ግመሉን ውጭ ያሰረ አንድ የአፋር ነጋዴም በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያይ ነበር። ከዋጃ ለገበያ የመጡ አንዲት አሮጊት ሰውን በክርናቸው ገፍተው እስከ መስታወቱ ቀረቡ።

«ይሄ የየት አገር ሰማይ ነው?» አሉ።

«የውጭ አገር ነው እናቴ።»

«ዝናብ አለው?»

«የላኩልን ደመናውን ነው እናቴ። ዝናቡን ለራሳቸው አስቀርተውታል።»

«እንደ ልማዳቸው» አሉና እቃቸውን አንስተው ወጡ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ቦታ እንጂ ተማሪ ጠፍቶን አያውቅም፤ ከጎብዬ፣ ከሮቢት፣ ከዋጃ ሳይቀር እየተሳፈሩ ይመጡ ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጸጉራቸው ሸብቶ የማያቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጣታቸውን ያፍታቱት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አሁንም «ቲቸር» ይሉኛል።

ከዚያ ዘመኑ ቀጠነ። ሞኒተሩ እንደ መጽሐፍ ሳሳ፣ ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ገባ፣ በየጥጉ ወጣቶች ከኛ የፈጠነ ቤት ከፈቱ። ደግ አደረጉ። እኛም በጊዜያችን ዘጋን። እኔ አንዲት የተሰበረች ቁልፍ እንኳ አልወሰድኩም፤ እንድሪስ ግን ሁሉንም ጋሪ ላይ ጭኖ ቤቱ ወስዶ፣ በጆንያ ሸፍኖ ዕቃ ቤት ደረደራቸው። በየዓመቱ እህል ከገባ በኋላ አንድ በአንድ እያወጣ አቧራቸውን ያራግፋል፣ ያበራቸዋል፣ መልሶ ይሸፍናቸዋል። ያ ክፉ ጊዜ መጥቶ ከተማው ሲዘረፍ ቀጭን ቀጭኑ ነገር ሁሉ ሄደ፤ ቴሌቪዥን ሄደ፣ የዘይነባ የልብስ ስፌት መኪና ሄደ፣ በር እንኳ የተነቀለበት ቤት አለ። የእንድሪስን ሞኒተሮች ግን ማንም አልነካቸውም። አንዱን ብቻ እስከ ግቢው በር ተሸክመውት ደክሟቸው ጥለውት ሄደዋል። ክብደታቸው አዳናቸው።

እንድሪስን ግን በሽታ አገኘው። ካቻምና ሱብሂ ሰግዶ ሲነሳ ወደቀ። ቀኝ እጁና እግሩ ዛሉ፣ አንደበቱ ተዘጋ። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲመለስ እግሩ በምርኩዝ ተንቀሳቀሰ፣ አንደበቱ ግን አልተመለሰም። ለመጠየቅ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዓይኑ ግድግዳ ላይ ነው። የሚከፋኝ የጠያቂው ነገር ነበር፤ ሰዉ በሱ ፊት ስለሱ እንደሌለ ሰው ያወራል። «ምን ያህል ይሰማ ይሆን?» ይላሉ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው። ልጁ መዲና አዳማ ነው የምትኖረው፣ በየቀኑ እየደወለች ኑ ትላለች። ዘይነባ ብቻዋን ማንሳትና ማስተኛት አድክሟት በመጨረሻ እሺ አለች። ሞኒተሩን ጋሪ ላይ ያየሁት ያን ሰሞን ነው።

ያንኑ ጠዋት ሞኒተሩን በሰው አሸክሜ ሄድኩ። ዘይነባ ገና ከበሩ ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አትቆጪኝ እታለም። የልጅቷ ቤት ጠባብ ነው። ይሄን ሁሉ የት አደርገዋለሁ?»

«አልቆጣሽም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ላብራለት።»

«ያየዋል ብለሽ ነው?»

«ባያየውም እኔ አየዋለሁ።»

ከዕቃ ቤቱ ያችን የሰማዩን ማሽን አስወጣሁ። ጠረጴዛውን እንድሪስ ፊት አስጠጋሁ፣ ገመዶቹን ሰካሁ፣ ማሽኗን አበራሁና ቀዩን ነጥብ ተጫንኩ። አንድ ረጅም ጩኸት፣ ሁለት አጫጭር ጩኸት። ጨለማ። አጥፍቼ አበራሁ፣ ያው ነው። ያን ጊዜ የእንድሪስ ፊት ከግድግዳው ዞረ። እንዲህ ቀና ብሎ ሲመለከት ካየሁት ዓመት አልፎታል። ግራ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ጨመቀ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

«ላ…» አለ። «ላ… ላ…»

ዘይነባ በእጇ የያዘችው ድስት ወደቀ። «ያ አላህ! ሸሃዳ ሊል ነው! ሊሄድብኝ ነው!» ብላ እግሩ ሥር ተንበረከከች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሟች የሚሰናበትበትን የእምነት ቃል ታቀብለው ጀመር። «በል የኔ ጌታ፣ በል፣ ላ ኢላሃ…» እኔም ደነገጥኩ፤ አማተብኩና አጠገቧ ተንበረከክሁ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። በቁጣ ነቀነቀ። እጇን በግራ እጁ አነሳላትና ጣቱን ወደ ማሽኑ ቀሰረ።

«ላ… ላ… ላጲስ!» አለ።

ዘይነባ እንደ ተንበረከከች ወደኔ ዞረች። «ምን አለ?»

«ላጲስ ነው ያለው» አልኩ። ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ። «ካርዷ ዝጋለች ማለቱ ነው! በላጲስ ፈግፍጊያት ነው የሚለኝ!» እድሜውን ሙሉ ሲያደርገው አይቼዋለሁ፤ ካርድ አቧራና እርጥበት ሲያበላሻት ነቅሎ ያወጣታል፣ ወርቃማውን ጥርሷን በተማሪ ላጲስ ያሸዋል፣ መልሶ ይሰካታል። ዘይነባ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ ወደ ጎረቤት ሮጣ ግማሽ ላጲስ ይዛ ተመለሰች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማሽን ክዳን ከፈትሁ። የትኛዋ እንደሆነች በጣቱ አሳየኝ። ነቀልኩ፣ ፈገፈግሁ፣ ልሰካ ስል አገጩን አወዛወዘ፤ አልበቃም ማለቱ ነው። ደግሜ ፈገፈግሁ። ሰካሁ። አበራሁ። ሞኒተሩ ያንን የሞቀ አቧራ ሽታውን ለቀቀና ቀስ እያለ ሰማይ ሆነ። እንድሪስ ትንፋሹን በረጅሙ አወጣ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ፈገግ አለ፤ ሌላው ጎኑ አልታዘዘለትም፤ ለኔ ግን ሙሉ ነበር።

መዲና በሳምንቱ መኪና ይዛ ወላጆቿን ልትወስድ መጣች። አባቷ በግራ እጁ ማውዝ ይዞ፣ በማይገባኝ ግማሽ ቃል እኔን ሲቆጣ ደረሰች። በሩ ላይ ብዙ ቆመች። «እማዬ፣ ይሄን ሰውዬ ነው ግድግዳ ሲያይ ይውላል ያልሽኝ?» አለች። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። አሁን በየበዓሉ የምትመጣው እሷ ናት፤ የሚያነሳውና የሚያስተኛው ሰውም ደመወዝ ከፍላ ቀጥራለታለች። አንድ የጤና ባለሙያም አይቶት፣ በሚወደው ነገር አናግሩት፣ ዝም አታሰኙት አለን። እኛም ዕቃ ቤቱን አጽድተን ማሽኖቹን አንድ በአንድ አነሳናቸው። አረንጓዴዋ የዶስ ማሽን ጥግ ላይ ናት፣ ጎኗ ባለ ደመናዋ አለች፣ ሌሎቹም እንደ ዘመናቸው ተደርድረዋል። እንድሪስ በጣቱና በቃል ያዛል፣ እኔ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የሆድ ዕቃ ሰው ሆንኩ! የኮምፒውተር አስተማሪዎች ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሊያሳዩ ይመጣሉ። «ቲቸር፣ ይሄ አሁን ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሠራል እላለሁ። ትናንት እንደሠራው ዛሬም ይሠራል፤ ከዚህ በላይ ከማን ይጠበቃል?

የእንድሪስ ቃላትም እንደ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ከላጲስ ቀጥሎ «ካርድ» መጣ፣ «ገመድ» መጣ፣ «አጥፊ» መጣ። አንድ ቀን «እታለም» አለኝ። ዘይነባ እንኳን ደስ አለሽ ብላ አቀፈችኝና ወደ ማድቤት ገባች። ስከተላት ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች። «ለገመድ ስም አለው። ለካርድ ስም አለው። ላንቺም አለው» አለችኝ። «አርባ ዓመት አጠገቡ የተኛሁት ግን እኔ ነኝ።» እንድሪስን ለብቻው ሳገኘው «ዘይነባ በል» አልኩት። ከንፈሩን ሞከረ፣ ላበው መጣ፣ አልወጣለትም። እንዳይከፋው ብዬ ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከብዶ መስኮቱን በጆንያ ጋርደን ሁለታችን አረንጓዴዋ ማሽን ፊት ተቀምጠናል። ዘይነባ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ድንገት መብራት ሄደ። ማሽኗ ቀጥ አለች፣ ክፍሉ ጨለመ። ቆቦ ውስጥ መብራት ሲሄድ በየቤቱ አባወራው ሚስቱን እንደሚጣራው፣ ከጎኔ ድምፅ ተነሳ።

«ዘይነባ! መብራት ሄደ!»

ጆንያውን ገልጬ ወደ ግቢው አየሁ። ዘይነባ እርጥቡን ኩታ በሁለት እጇ እንደያዘች ገመዱ ሥር ቆማለች። አትንቀሳቀስም። ውኃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ዘይነባ!» አልኳት በሹክሹክታ። «አልሰማሽም እንዴ? እየጠራሽ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ» አለችኝ ዞር ሳትል። «ይድገመኝ።»

ደገማት።